በጓሮ ማንጎና አቮካዶ ላይ ፀረ-ተባይ ከመርጨትዎ በፊትና በሚረጩበት ጊዜ

በጅማ ዙሪያ፣ በማና፣ በጎማና በሰቃ ጨቆርሳ ወረዳዎች፣ የፍራፍሬ ዛፍ በአመዛኙ የሚገኘው ራሱን በቻለ ማሳ ላይ ሳይሆን በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው። ከማንጎው ጥላ ሥር ቡና አለ፤ ከቡናው ጎን ጎመንና እንሰት፣ ራቅ ብሎ የውኃ ጉድጓድ፣ ከዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ቀፎ። ስለዚህ ለጤፍ ማሳ የሚሰጠው የርጭት ምክር ለእንዲህ ያለ ግቢ አይበቃም። ጤፍ የሚረጭ ገበሬ መርዙን ከጉልበቱ በታች ይለቀዋል፤ ማንጎ የሚረጭ ግን ወደ ላይ የለቀቀውን መልሶ በፊቱ፣ በአንገቱና በክንዱ ይቀበለዋል፤ የቀረው በቤተሰቡ ምግብና ውኃ ላይ ያርፋል።

በመጀመሪያ መርጨት የግድ መሆኑን ያረጋግጡ። በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ወደ ሌሎች የምዕራብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች የተስፋፋው የማንጎ ነጭ ተባይ ሰውነቱን በሰም መሰል ቅርፊት ስለሚሸፍን፣ ላዩን ብቻ የሚያረጥብ ርጭት እምብዛም አያገኘውም። ዛፉ ረጅምና የተጠቀጠቀ ከሆነ ደግሞ በጀርባ መርጫ ጫፉ ላይ መድረስ አይቻልም። ከዚህ ይልቅ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ የዛፉን ቁመት መቀነስ፣ መሐሉን ብርሃንና አየር እንዲገባው አድርጎ መግረዝ፣ የተገረዘውን ተባይ ያለበት ቅርንጫፍ ከግቢ ሳያወጡ ማቃጠል ይሻላል። አዲስ ችግኝ ሲገዙም ቅጠሉን አገላብጠው ይመልከቱ። የፍራፍሬ ዝንብን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የወደቀውን ፍሬ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ለቅሞ ግማሽ ሜትር በሚሆን ጉድጓድ መቅበር ነው፤ ትሉ ያለው በዚያ ፍሬ ውስጥ ነውና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኬሚካል መግዛት ካስፈለገ፣ «መድኃኒት ስጡኝ» ከማለት ይልቅ የተባዩን ስምና የዛፉን ዓይነት ለባለሱቁ ይንገሩ። መድኃኒት የሚለው አጠራር ሰውን ያዘናጋል ብዬ አምናለሁ፤ ሕፃናት በሚሰሙበት ቤት መርዝ ተብሎ በስሙ ቢጠራ ይሻላል። በፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥም ሆነ መጠቀም ክልክል ነው። በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ ኬሚካል ምንነቱም መጠኑም ስለማይታወቅ በምንም ዋጋ አይግዙት። በመለያው ግርጌ ላይ ያለው ቀለም የመርዛማነቱን ደረጃ ያሳያል፦ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅተኛ፣ አረንጓዴ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ቀይ መስመር ያለበት ለመኖሪያ ግቢ በጭራሽ አይሆንም። ዲዲቲም የ2001 እ.ኤ.አ. የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ ስምምነት ከወባ መከላከል ውጭ እንዳይውል የከለከለው ስለሆነ፣ ከማንም ቢገኝ በፍሬም በጫትም ላይ አይረጭም።

በርካታ ሰው የሚጎዳው ሲረጭ ሳይሆን ሲበጠብጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ በእጁ ያለው ገና ውኃ ያልነካው መርዝ ነውና። ከቤት ርቀው፣ ከጉድጓድ በታች ባለ ቦታ፣ የጎማ ጓንት አድርገው፣ ለዚሁ ብቻ በተለየ መለኪያና ማማሰያ እንጨት ይበጥብጡ። የቡና ሲኒ ወይም የወጥ ማንኪያ መለኪያ አይሁን፤ ታጥቦ ወደ ማዕድ ቤት የሚመለስ ዕቃ በፍጹም አይነካካው።

ወደ ላይ ሲረጩ የእጅጌዎን ጫፍ ጓንቱ ውስጥ ያስገቡት፤ ከጓንቱ ላይ የሚወርደው ፈሳሽ ወደ ክንድዎ እንዳይገባ ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ ልዩነት አለው። ሱሪው ግን ከቦት ጫማው ውጭ ይሁን። ባርኔጣና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን እንደ ጭምብል አይቆጠርም፤ ጨርቁ ከረጠበ መርዙን ፊት ላይ አጣብቆ ይይዛል። ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው፣ ከዛፉ ሥር ሳይቆሙ፣ ከጎኑ ሆነው ይርጩ። የተደፈነ የመርጫ አፍንጫ በአፍ አይነፋም፤ በሣር ወይም በቀጭን እንጨት ይጠረግ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን በዚያን ቀን ግቢው ውስጥ መገኘት የለባቸውም፤ የተሰጣ እህልና ልብስም አስቀድሞ ይነሣ።

ንብ ለጅማ ገበሬ ማር ብቻ አይደለችም፤ የአቮካዶ አበባ ፍሬ እንዲይዝ የአበባ ዱቄቱን ከዛፍ ዛፍ የምታደርስ እርሷ ናት። ያበበ ዛፍ አይረጭ። የግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፎአቸው ከገቡ በኋላ፣ ሲመሻሽ ይሁን፤ ለጎረቤት ባለ ቀፎም ከአንድ ቀን በፊት ይነገረው።

ደመና ባዘለ ቀን የሚረጭ ሰው ገንዘቡን ወደ ወንዝ ያፈሳል። ከግቢ የታጠበው መርዝ በአዌቱ በኩል ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል፤ በተለይ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት የፀረ-ተባይ ዓይነቶች ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው። መርጫም በወንዝ ዳር አይታጠብ። በካሪቢያን ባሕር በማርቲኒክና በጓዴሎፕ ደሴቶች ሙዝ አምራቾች ከ1972 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ክሎርዴኮን የተባለ ፀረ-ተባይ ተጠቅመው፣ አጠቃቀሙ ከቆመ ከ30 ዓመት በኋላም አፈሩና ውኃው አልጠራም።

ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የቀን ብዛት መለያው ላይ ያንብቡና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ከሥሩ ያለው ቡናና ጎመንም በዚያው ይቆጠራል። ባዶውን ዕቃ፣ ገና ሲበጠብጡ፣ ሩቡን ውኃ ሞልተው ሦስት ጊዜ በደንብ እየናጡ እጣቢውን ወደ መርጫው ይጨምሩ፤ ከዚያ ዕቃውን ይብሱት። እንዲህ ታጥቦም ቢሆን ውኃ፣ ዘይትም ሆነ ጠላ አይያዝበትም።

ከረጩ በኋላ ወተት መጠጣት መርዙን አያከሽፍም፤ የሚጠቅመው ልብስ ለውጦ ገላን በሳሙና መታጠብ ነው። የረጨ ሰው ካላበው፣ ለሐጩ ከተዝረከረከ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ካጠረው የተመረዘ ሊሆን ይችላል። የተበከለውን ልብስ አውልቀው ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ይጠቡት፤ ዓይኑም ከተነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የሚረዳውም ሰው ጓንት ያድርግ። ከዋጠው እንዲያስመልስ አያስገድዱት፤ ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት። ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ትክክለኛውን ማርከሻ መስጠት የሚችለው ምን እንደተረጨ ሲያውቅ ስለሆነ መለያው ያለበትን ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ።