«ከእናቱ የመጣ ነው» ከማለታችን በፊት

አዘዞ፣ ጎረቤቴ ቤት ቡና እየጠጣን የሦስት ዓመት ልጇ ደፉ ላይ ወደቀ። ያን ያህል አልተመታም፤ ተነስቶ መጫወቱን ቀጠለ። በማግስቱ ግን ጉልበቱ አብጦ፣ ሲነኩት ይፋጃል። እግሩን መዘርጋት አቃተው። በምርመራ ሄሞፊሊያ መሆኑ ታወቀ። ደሙን የሚያረጋው ፕሮቲን ያንሰዋል። ያን ሰሞን ከዘመድ አዝማድ የሰማሁት ሁሉ አሁንም ይከነክነኛል።

«ሾተላይ ነው» አሉ፤ የጎረቤቴ ወንድምም በልጅነቱ ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ ነበር የሞተው። ሾተላይ ሌላ ነገር ነው። እሱ የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም ሲሆን ወንድ ሴት አይለይም። እዚህ ቤት ግን የሚደሙት ወንዶች ናቸው፤ ምልክቱም ይኸው ነው። ፀበሉን መሄድ ይቻላል፣ ሕክምናውን መተው ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ስህተት እናቲቱን መውቀስ ነው። ክሮሞዞም ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ ዘር የሚያሻግር ነው፤ ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። ችግሩ ያለው ኤክሱ ላይ ነው። ሴቷ አንዱ ቢበላሽባት ሌላው ብዙውን ጊዜ ይሸፍንላታል፤ ወንዱ መጠባበቂያ የለውም። ኤክሱን ደግሞ የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። እሷም ወርሳው እንጂ መርጣው አይደለም። ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በዘራቸው ከዚህ በፊት የታመመ ሰው የላቸውም፤ ለውጡ በአዲስ መልክ የተፈጠረ ነው።

«አንዱ ስለታመመ ቀጣዩ ይተርፋል» የሚሉም አሉ። እናት ተሸካሚ ከሆነች፣ ማለትም አንዱ ኤክሷ የተበላሸ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ እንደ ዘውድና ጎፈር ሁሌም ከአዲስ ይጣላል።

አባት ሲታመም ወንድ ልጁ ይወርሳል ብሎ መስጋትም ስህተት ነው። ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋዩን ነው፤ ኤክሱን የሚወስዱት ሴቶቹ ናቸው፣ ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። እኛ ዘር ስንቆጥር በአባት በኩል መሄድ ስለለመድን ይህ ይሰወርብናል። መጠየቅ ያለባቸው የእናት ወንድሞችና የእናት አጎቶች ናቸው። ተሸካሚ ሴቶችም ጤነኛ ናቸው ተብሎ መታለፍ የለባቸውም፤ የወር አበባዋ ከልክ በላይ የሚበዛባት ወይም ስትወልድ ብዙ የምትደማ አለች።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ምላጩ ነው። በስምንተኛው ቀን ግርዛት፣ ግግ ማውጣት፣ እንጥል መቁረጥ። እንዲህ ባለ ቤተሰብ የተወለደን ወንድ ደሙ ሳይመረመር መቁረጥ ሞት መጥራት ነው። ግግ ማውጣትና እንጥል መቁረጥማ ለማንም ልጅ አያስፈልጉም። የጎረቤቴን ልጅ አንድ ክሊኒክ ቂጡ ላይ መርፌ ወግተውት ቦታው ለቀናት ጠቁሮ አብጦ ሰነበተ። ስለዚህ ገና ከበሩ «ሄሞፊሊያ አለበት» በሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም መፍሰሱን ስለሚያባብሱ አይሰጡት። ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ደህና ቢመስልም ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ዘንድሮ የጎረቤቴ እህት ወንድ ልጅ ወለደች። አያቱ ገራዡን መልሰው ልጁን ለምርመራ ላኩት። ነጻ ነው ተባለ። የተገረዘው ከዚያ በኋላ ነው።