የፍሳሽ ቱቦ ሲዘረጋ ለአየሩም መንገድ ይተው

የፍሳሽ ቱቦ እንደ ንጹሕ ውሃ መስመር በግፊት ተሞልቶ አይሠራም፤ ውሃው በራሱ ክብደት ከሥር ሲወርድ አየሩ ከላዩ ይተላለፋል። ጅማ ላይ ቤት ስንሠራ ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህን አየር ነው።

በቅድሚያ ተዳፋቱ ይወሰን። ለ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለ50 ሚሊ ሜትር ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ይበቃል። በ2 ሳንቲ ሜትር ስሌት የ6 ሜትር ቱቦ ሁለት ጫፎች በ12 ሳንቲ ሜትር ይበላለጣሉ፤ ይህም በዓይን ግምት ሳይሆን በሲባጎና በውሃ ልክ ይለካ። ፍሰቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ፍጥነት ካላገኘ ደረቁ ነገር ይዘቅጣል። ጀበና ባጠብን ቁጥር አተላውን ሲንክ ውስጥ የምንደፋ እኛ ደግሞ ዝቃጩን እናበዛዋለን።

ፎቅ ባለው ቤት ውሃው በቁም ቱቦ ሲወርድ ግድግዳውን ተለጥፎ፣ መሃሉን ለአየር ትቶ ይወርዳል። ጥቂት ሜትር እንደወረደ የግድግዳው ፍትጊያ ክብደቱን ስለሚመጥነው ፍጥነቱ ከዚያ በላይ አይጨምርም፤ ስለዚህ ፍጥነት ለመቀነስ ተብሎ ቱቦውን በየፎቁ ማጣመም፣ በእኔ እምነት፣ ከንቱ ወጪ ነው። አስጊው ቦታ ግርጌው ነው። ቁልቁል የመጣው ውሃ ወደ አግድም ሲታጠፍ በድንገት ይዘገይና ከፍ ብሎ ቱቦውን ሊሞላ ይችላል፤ ያን ጊዜ መውጫ ያጣው አየር በምድር ቤቱ መጸዳጃ በኩል እየተንቦቀቦቀ ይወጣል። በአንድ ባለ 90 ዲግሪ ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) ፋንታ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ይገጠም፤ የምድር ቤቱም መስመር ለብቻው ማንሆል ይድረስ።

በላይኛው ፎቅ ያለው ችግር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚወርደው ውሃ አየር ስለሚስብ፣ ምትክ አየር ካልገባ በሲፎኑ (ከሲንኩ ሥር ባለው ጠማማ ቱቦ) ውስጥ ሽታ የሚያግደውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይመጠዋል፤ ሲንኩ «ጉልጉል» ሲል የምንሰማው ይህን ነው። ስለዚህ የቁም ቱቦው ጫፍ ከጣራ በላይ ወጥቶ ክፍት ይሁን።

የጣራ አሸንዳ ከዚህ መስመር ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። በ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ሊትር ነው፤ የጅማን ክረምት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አፈር ከመመለሱ በፊት ሁለት ባልዲ ውሃ ከላይ ይደፋና አንድ ሰው ማንሆሉ ላይ ይቁም፤ ውሃው ተቆራርጦ ከደረሰ ወይም ቱቦው ውስጥ ከተኛ ያ ቦታ ተነስቶ እንደገና ይስተካከል።