የቺፕ ፋብሪካ መትከል የፈለገ መንግሥት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው የቺፕስ ሕግ ለሴሚኮንዳክተር ዘርፍ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ያሉትን ቺፖች ለሚሠራው ኢንዱስትሪ፣ 52.7 ቢሊዮን ዶላር መድባለች። ከዚህ ውስጥ 39 ቢሊዮኑ ፋብሪካ ለሚተክሉ ኩባንያዎች የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ብሩ ቀላል አይደለም። ስህተቶቹም እንደዚያው።

አንደኛው፣ ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ሁሉም አለቀ ብሎ ማሰብ ነው። የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ውስጥ፣ ፊኒክስ ከተማ ላይ የተከለውን ፋብሪካ እንይ። ቺፕ የሚሠራው ዌፈር በሚባል ክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ ነው። ከዚያ መቆረጥ፣ መታሸግና መፈተሽ አለበት። እዚያ አካባቢ ይህን የሚሠራ በቂ ፋብሪካ አልነበረም። ስለዚህ አሪዞና የተመረተው ቺፕ ለእሽግ ተመልሶ ታይዋን ይላክ ነበር። ጤፉን ጓሮ አምርቶ ለማስፈጨት ባሕር ማሻገር በሉት።

ባለሙያን መርሳትም አለ። ይኸው ፋብሪካ በ2024 ሊጀምር ታስቦ ወደ 2025 ተገፋ። ኩባንያው በ2023 የሰጠው ምክንያት ማሽኖቹን የሚተክል የሠለጠነ ሰው እጥረት ነበር። ከታይዋን ቴክኒሻኖች ላምጣ ሲል ደግሞ የአካባቢው የሠራተኛ ማኅበራት ተቆጡ።

ዘመናዊውን ቺፕ ብቻ ማሳደድ ሌላው ነው። በ2021 የመኪና ፋብሪካዎችን ያስቆመው በአብዛኛው የአሮጌውና የርካሹ ቺፕ እጥረት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጥሬ ዕቃው ነው። ከሩሲያና ዩክሬን ጦርነት በፊት ቺፕ ለማምረት ከሚውለው የዓለም ኒዮን ጋዝ ግማሽ ያህሉ ከዩክሬን ይመጣ ነበር። በ2022 ማሪዩፖልና ኦዴሳ ያሉት አምራቾች ቆሙ። እሺ፣ እሱ ሩቅ አገር ነው እንበል። ሲሊከኑ የሚቀልጥበት ዕቃ ደግሞ በጣም ንጹሕ ኳርትዝ ይፈልጋል። ዋናው ምንጩ ስፕሩስ ፓይን የምትባል በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ መታትና የማዕድን ማውጫው ለጊዜው ተዘጋ። ዕቃው አገር ውስጥ መሆኑ ብቻ አላዳነውም። በጣም ረቂቅ ቺፖች የሚታተሙበትን ማሽን የሚሠራውም በዓለም አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል።

የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ማጨብጨብማ እኛም አገር የለመድነው ነው። የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴል በመስከረም 2022 ኦሃዮ ግዛት ላይ ቁፋሮ ሲያስጀምር ፕሬዚዳንት ባይደን ተገኝተው ነበር። ምርት በ2025 ይጀመራል ተባለ። 2025 ሲደርስ ኩባንያው የመጀመሪያው ፋብሪካ የሚጠናቀቀው በ2030 ነው አለ።