በረዶ ሲጥል የሲያትል አውቶቡስ በየት በኩል ይመጣል?

ሲያትል ውስጥ በረዶ የሚጥለው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ከተማዋ ግን ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች፣ ለሌላው ከተማ ምንም የማትመስል ስስ በረዶ ኩዊን አንና ካፒቶል ሂል ወደሚባሉት ኮረብታማ ሰፈሮች የሚወጡትን አውቶቡሶች ከመንገዳቸው ታስወጣለች። ፌርማታ ላይ ከመገተር የሚያድነው ዝግጅት ደግሞ ፀሐይ እያለ የሚሠራ ነው።

መጀመሪያ አውቶቡሶቹን በሚያሠራው በኪንግ ካውንቲ ሜትሮ ድረ ገጽ ላይ የመስመርዎን ካርታ ይክፈቱና በበረዶ ጊዜ በየት እንደሚዞር ይዩ። በረዶ ሲጥል አንድ መስመር ወይ እንደወትሮው ይሄዳል፣ ወይ በበረዶ መንገዱ ይዞራል፣ ወይ ጭራሽ ይቋረጣል። የትኞቹ ፌርማታዎች እንደሚዘለሉና ከቤትዎ የሚቀርበው የማይዘለል የቱ እንደሆነ ለይተው ካርታውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። የጽሑፍ መልእክት ማስጠንቀቂያውንም ያኔውኑ ይመዝገቡ። በረዶው ሲብስ ሜትሮ ዋና ዋና መንገዶችን ብቻ ወደሚያገለግል የድንገተኛ ጊዜ መረብ ይወርዳል፤ ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በየካቲት 2019 ነበር። መስመርዎ እዚያ ውስጥ ከሌለ ተተኪውን አስቀድመው ይወቁ። ሬይኒየር ቫሊ ያሉ ሰዎች እስከ ኦቴሎ ወይም ኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ በእግር ሄደው ባቡር ቢይዙ ይሻላቸዋል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? መሀሉ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው ባለ 60 ጫማ አውቶቡስ አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው ከኋላ ነው። የፊቱ ሲንሸራተት የኋላው መግፋቱን አይተውም፤ መገጣጠሚያው ላይ ይታጠፍና መንገዱን ይዘጋል። ስለዚህ ሲቻል በባለ 40 ጫማው ይተካል፣ መጨናነቁም ከዚያ ይመጣል። ሰንሰለት የታሰረለትም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ታኅሣሥ 19 ቀን 2008 በኢስት ቶማስ ጎዳና ሁለት የኪራይ አውቶቡሶች ቁልቁል ተንሸራተው ከአይ-5 አውራ ጎዳና በላይ ያለውን መከላከያ ጥሰዋል። የዚያን አደጋ ፎቶ ያየ ሰው “ለምንድን ነው የማይመጡልን?” ብሎ አይጠይቅም።

ተዳፋት መሀል ላይ ቆመው አይጠብቁ፤ ወደ ሜዳው፣ ወደ ዋናው መንገድ ይውረዱ ወይም ይውጡ። የአውቶቡስ መምጫ ሰዓት የሚያሳየው የስልክ አፕ “3 ደቂቃ” ሲል አይመኑት፤ የሚቆጥረው የወትሮውን መንገድ ሊሆን ይችላል። አውቶቡሱ ፈጽሞ እስኪቆም ከመንገዱ ጠርዝ ራቅ ይበሉ፣ ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላልና። ቀን የቀለጠው ማታ መስታወት ስለሚሆን ከጠዋቱ ይልቅ የመመለሻው ይከፋል።

ደጃፍዎ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ፌርማታ ካለ ምልክቱ የተተከለበትን ቦታ በደንብ ይጥረጉ፤ የፊት በሩ የሚቆመው፣ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫውም የሚዘረጋው እዚያ ነው። የጠረጉትን ወደ አስፋልቱ አይጣሉ።

አውቶቡስ በቅርብ እንዳይገኝ የሚያደርገው በረዶ ብቻ አይደለም፤ ሌላው እንቅፋት የሰፈር ሰው ተቃውሞ ነው። አዲስ መስመር ወይም ፌርማታ ሲታሰብ ጎረቤት የሚነሳበት ብዙውን ጊዜ ለመኪና ማቆሚያው ብሎ ነው፤ ኢስትሌክ በሚባለው የሲያትል ሰፈርም ትልቁ ቅሬታ ይኸው ነበር። እዚህ ላይ ሰው ብዙ የሚሳሳተው የተሳሳተ በር በማንኳኳት ነው። የአውቶቡስ መንገድና ሰዓት የሜትሮ ጉዳይ ነው፤ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየው የመንገድ ክፍልና መኪና ማቆሚያ ግን የሲያትል ከተማ ትራንስፖርት ቢሮ ነው። የአንድ መስመር ሳምንታዊ ሰዓት ከ25 በመቶ በላይ ከተለወጠ ወይም ፌርማታ ከግማሽ ማይል በላይ ከተዛወረ ጉዳዩ ለካውንቲው ምክር ቤት ይቀርባል። ከዚያ በታች ያለውን ሜትሮ ራሱ ይወስናል፤ ስለዚህ አስተያየት መስጠት የሚያዋጣው ገና ሜትሮ ስለ ለውጡ ሕዝቡን የሚጠይቅበት መጠይቅ ሲወጣ ነው።

ሲጽፉ “አውቶቡሱ ያስፈልገናል” ብለው አይተዉት። ምልክቱ ላይ ያለውን የፌርማታ ቁጥር፣ የመስመሩን ቁጥር፣ የሚሳፈሩበትን ሰዓትና የሚሄዱበትን ይጥቀሱ። ስብሰባ ካለ አማርኛ አስተርጓሚ ቀደም ብለው ይጠይቁ፤ የሜትሮ ስልክ 206-553-3000 ነው።

ተቃዋሚው ጎረቤት የሚያሳስበው መኪና ማቆሚያው ከሆነ መፍትሔ አለ፦ ፌርማታው ከሁለት መስቀለኛ መንገዶች መሀል ተነሥቶ መስቀለኛውን አለፍ ብሎ ይሁን በሉ። መሀል ላይ ያለ ፌርማታ አውቶቡሱ የሚገባበትም የሚወጣበትም ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ከመስቀለኛው ማዶ ከሆነ ግን መግቢያውን መስቀለኛው ራሱ ይሰጠዋል፣ ጥቂት መኪኖችም ቦታቸው ይተርፋል። በመጨረሻ ከተማው በረዶ የሚጠርግባቸውን መንገዶች ካርታ ይዩ። የጠየቁት ጎዳና እዚያ ከሌለ፣ የሚጠረገው ቀጣዩ ጎዳና ላይ ይሁንልን ብለው ይጻፉ።