የምስክርነት መጥሪያ ሲደርሳችሁ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከደጃፌ ላይ ባጃጅ ሰው ሲገጭ ስላየሁ ፖሊስ ቃሌን ተቀበለኝ። ከወራት በኋላ መጥሪያ መጣ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የተከሰስኩ መስሎኝ!

መጀመሪያ ወረቀቱን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ ችሎቱን፣ ቀንና ሰዓቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። «ሥራ አለብኝ» ብሎ መቅረት አያዋጣም። ፍርድ ቤቱ በፖሊስ ተይዛችሁ እንድትቀርቡ ሊያዝ ይችላል።

መታወቂያ ያዙ። ለ3 ሰዓት ቀጠሮ እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ተሰልፌያለሁ፤ የመገናኛን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆሎም ቋጥሬ ነበር፣ በጀኝ። ምስክር የሌላውን ምስክር ቃል እንዳይሰማ ውጭ ነው የሚቆየው።

ፊልም ላይ እንደሚታየው ፍርድ የሚሰጥ 12 ሰው ተደርድሮ አይጠብቃችሁም። እኛ አገር የሚፈርዱት ዳኞች ናቸው። ስልክ አጥፍታችሁ ትገባላችሁ፣ በየሃይማኖታችሁ ትምላላችሁ። መጀመሪያ የጠራችሁ ወገን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የተቃራኒው ወገን ጥያቄ ይመጣል። ላብ የሚያጠምቀው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃው «ባጃጁ በስንት ፍጥነት ይሄድ ነበር?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! «አላውቅም» አልኩ። አላውቅም ማለት ነውር የለውም። ያላዩትን መጨመር ግን ጣጣ አለው፤ በሐሰት መመስከር በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ጎረቤት የነገራችሁንም በዓይናችሁ እንዳያችሁት አድርጋችሁ አታውሩ።

አንዳንዴ ሲጠብቁ ተውሎ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። እኔም ሁለቴ ተመላልሻለሁ። አዲሱን ቀን ሳትጽፉ እንዳትወጡ።