ድሮንን ነፋስና አቧራ ባለበት ቦታ በሰላም እንዴት ማሳረፍ ይቻላል?

ድሮን ከፍ ብሎ ሲበር ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ፣ ከፍታውን ደግሞ በአየር ግፊት መለኪያ ያውቃል። ወደ መሬት ሲቃረብ ግን ብዙዎቹ ድሮኖች ከሆዳቸው ሥር ባለው ካሜራ ይመራሉ፤ ካሜራው መሬቱ ላይ ያሉትን ጠጠሮች፣ ስንጥቆችና የቀለም ልዩነቶች እየተከታተለ ድሮኑ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚንሸራተት ያሰላል። ልሙጥ አሸዋ፣ ውሃ ወይም በረዶ ላይ ግን የሚከታተለው ምልክት ያጣል።

ማርስ ላይ ይበር የነበረው ኢንጀኒዩቲ ሄሊኮፕተር የገጠመው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2024 ባደረገው 72ኛ በረራ፣ የናሳ መሐንዲሶች እንደሚገምቱት፣ ምልክት በሌለው የአሸዋ ሜዳ ላይ ሲወርድ የፍጥነት ስሌቱ ተዛብቶ ወደ ጎን እየተንሸራተተ መሬት ነካ፤ ተሽከርካሪ ክንፎቹም ተሰበሩ።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ማረፊያውን ያዘጋጁ። ጠንካራና ደልዳላ ቦታ ይምረጡ፤ አቧራ ካለ ውሃ ይርጩበት፤ ከዚያም ጉልህ ሥዕል ያለው ምንጣፍ ዘርግተው ጠርዞቹን በድንጋይ ይጫኑ። ሄሊኮፕተር አብራሪዎችም የሚፈሩት ራሳቸው የሚያስነሡትን አቧራ ነው፤ መሬቱን ከዓይናቸው ስለሚሰውርባቸው በአቧራ ውስጥ ዘልቆ የሚያይ ራዳር እስከመሥራት ተደርሷል።

ቀጥሎ የባትሪውን ስሌት ይሥሩ። በሰከንድ 15 ሜትር የሚበር ድሮን በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላው ሲገፋው 1 ኪሎ ሜትር ርቀትን በ40 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ያንኑ ነፋስ ፊት ለፊት እየተጋፈጠ ሲመለስ ግን 200 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለሆነም ሲሄዱ ነፋሱን ይጋፈጡ፤ ሲመለሱ ነፋሱ ያግዝዎታል። በእኔ እምነት ከጥንቃቄዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ሲያወርዱ ድሮኑን ወደ ነፋሱ ያዙሩት፤ በቀስታም ዝቅ ያድርጉት። ቀጥ ብሎ በፍጥነት የሚወርድ ድሮን ራሱ ወደ ታች በገፋው የተናወጠ አየር ውስጥ ስለሚገባ ክንፎቹ የማንሳት አቅማቸው ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ጥቂት ወደ ፊት ማስኬድ ከዚያ አየር ያወጣዋል። የሰው ቁመት ያህል ሲቀረው ያቁሙትና ይመልከቱት፤ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ወይም አቧራው ከሸፈነው፣ ሳያመነቱ ከፍ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። ከረጋ ግን መጨረሻው ላይ አያንዣቡት፤ መሬት አጠገብ ከታች የሚመለሰው አየር ስለሚያናውጠው፣ የከፍታ ጆይስቲኩን ወደ ታች ይዘው ሞተሮቹ እስኪቆሙ አይልቀቁ። ነፋስ ሲያይል በእጅ ለመያዝ መሞከር ጣት ያስቆርጣል።

ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ ከቆሙ በኋላ ድሮኑን ገልብጠው የሆዱን ካሜራ መስተዋት በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ እዚያ ላይ የተጋገረ አቧራ በሚቀጥለው በረራ መሬቱን ይጋርድበታል።