ስቱዲዮ የሚገባ ቤዝ ጊታሪስት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወጣት ቤዝ ተጫዋቾች ለቀረጻ ሲመጡ ጭንቀታቸው ሁሉ የትኛውን ኖታ እንደሚመቱ ነው። ኖታው የት እንደሚያልቅ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔን ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፤ ክሩን መትቶ መርሳት።

መድረክ ላይ ብዙ ነገር ይሸፈናል። ስቱዲዮ ውስጥ አይሸፈንም። ክፍቱ፣ ማለትም በግራ እጅ ሳይያዝ የሚመታው፣ ወፍራሙ የኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ በጊዜው ዝም ካላሰኙት ቀጣዩ ኖታ ላይ ይደረብና ሁለቱንም ያደበዝዛቸዋል። የድራሙ ኪክም፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ አብሮ ይታፈናል። ሚክስ የሚያደርገው ሰው ኢኳላይዘር ሲነካካ ያመሻል፣ ችግሩ ግን ጣታችሁ ላይ ነው። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጃመርሰን፣ ክሮቹ ከሚያርፉበት ከብሪጁ መሸፈኛ ሥር ስፖንጅ ነበረው። ሌላዋ አሜሪካዊት የስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋች ካሮል ኬይም ክሮቹ ላይ ፌልት የሚባለውን ወፍራም ጨርቅ ታሳርፍ ነበር። ኖታው ሳይንዛዛ ቶሎ እንዲሞት ነው! እናንተም ግራ እጃችሁን ክሩን ዝም ማሰኘት አስለምዱት። ኖታው ስኔሩ፣ በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ከበሮ፣ ሲመታ ይቁም ወይም አልፎት ይሂድ፣ ብቻ እናንተ የወሰናችሁት ይሁን።

እኔም ተሳስቼበታለሁ። ዘገም ያለ ዘፈን ነበር፣ ጥሩ ተጫወትኩ ብዬ ደስ ብሎኛል። ኢንጂነሩ ሌላውን ሁሉ ዘግቶ ቤዙንና ኪኩን ብቻ አሰማኝ። የኤ ክር ከሥር ሲያጉረመርም ሰማሁት። ጭራሽ አልነካሁትም እኮ! ሌላው ክር ሲመታ እሱም አብሮ ይርገበገባል። ከመጀመሪያው ጀምረን ቀረጽነው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ አውራ ጣቴን ከማልመታው ክር ላይ አላነሳም።

ሁለተኛው ስህተት ኖታ ማብዛት ነው። ይህን ስናገር "ጃመርሰንስ?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ በአንድ አመልካች ጣት ያን ሁሉ ይጫወት ነበር። ግን ደህና አድርጋችሁ ስሙት፣ ድምፃዊው ላይ አይረማመድም። ግጥሙን ሳትሰሙ ማስጌጫ አትጨምሩ።

በቀረጻው ጠዋት አዲስ ክር አትግጠሙ። እየተለጠጠ ቅኝቱ ይወርድባችኋል።

በየቴኩ፣ ዘፈኑ በተቀረጸ ቁጥር፣ መሃል ቃኙ።

ሄድፎን ውስጥ ኪኩ በደንብ ካልተሰማችሁ ይጨመርልኝ በሉ። እየተሳቀቁ በግምት መጫወት ለማንም አይበጅም፣ ጥያቄውን የሚቀየም ኢንጂነርም አላጋጠመኝም።

የመጨረሻው ያሳዝነኛል። ጃመርሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሞታውን ባወጣቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዘፈኖች ላይ ተጫውቷል፤ በአብዛኞቹ ላይ ስሙ አልተጻፈም። ሰው ዜማውን ከነቤዙ ሲያንጎራጉር የተጫወተውን አያውቀውም ነበር። ስለዚህ ጊታራችሁን ቦርሳ ከመክተታችሁ በፊት ስማችሁ በትክክል መመዝገቡን ጠይቁ። የድራመሩንም ጠይቁለት።